ከአምደወርቅ ለሚጽፍ ሰው፦ የራስን ጽሑፍ በራስ ገጽ ማካፈል

ግጥም፣ መነባንብ ወይም አጭር ልብ ወለድ የሚጽፍ ወጣት በየከተማው አለ። በአብዛኛው ግን ጽሑፉ ከደብተሩ አይወጣም፤ ቢወጣም ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ አያልፍም። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ሰው የጻፈውን ለማያውቀው አንባቢ የሚያደርስበት፣ ካነበበለትም ሰው ጋር የሚተዋወቅበት መንገድ ምንድን ነው? የሚኖረው አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሳይሆን በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በደሃና ወረዳ ከተማ በአምደወርቅ ቢሆንስ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በኢንተርኔት ላይ የራስን ገጽ ከፍቶ የፈጠራ ሥራን ስለማካፈል ነው። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እንደኔ አስተያየት ግን ከማሽኑ ይልቅ የጸሐፊውንና የአንባቢውን ግንኙነት የሚመለከት ስለሆነ ከዚያው እንነሳ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበረው ዋናው መንገድ ኅትመት ነበር። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የተበራከቱት ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ከነዚህም ውስጥ እንደ ቢላል ያሉት የሙስሊሙ ኅብረተሰብ መጽሔቶች፣ ለአንባቢ ብዕር በር ከፍተው ነበር። ይሁን እንጂ የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ነው። አዘጋጁ ከመጣለት ብዙ ጽሑፍ ጥቂቱን መርጦ፣ ያንንም አሳጥሮ ነው የሚያወጣው። መጽሐፍ ማሳተም የፈለገ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከኪሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ከመጽሐፍ መደብር መጽሐፍ መደብር መዞር ይጠበቅበታል። ማተሚያ ቤቱም መደብሩም በዋና ከተማው በተሰበሰቡበት አገር የአምደወርቁ ጸሐፊ ዕድል ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከኅትመት በፊትም ቢሆን ግን ጽሑፍ ይዞር ነበር። ዋግ በንጉሡም በደርግም ዘመን የወሎ አካል ነበር፤ የወሎ ሙስሊም ደግሞ ጽሑፍን ያለ ማተሚያ ቤት በማዳረስ ረገድ የቆየ ልምድ አለው። ዓሊሞቻችን መንዙማቸውን በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ይጽፉ ነበር። ከነዚህ አንዱ ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር ናቸው፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣውን የአፄ ዮሐንስን የግዳጅ ጥምቀት በመቃወማቸው ስማቸው በታሪክ የሚነሳው፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት ማለት ነው። የእሳቸው ግጥም ማተሚያ ቤት ሳያይ ከደረሳ ወደ ደረሳ እየተገለበጠ፣ በሐድራው እየተዜመ ተጓዘ። ገልባጩ ይገለብጣል፣ አዚያሚው በቃሉ ይይዛል፣ ሌላው መንደር ሰምቶ ይወስዳል።

በዚህ ዓይነቱ ዝውውር ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ እሱም ሰነድ ነው። ዒልም የተማረ ሰው ማንን እንደሰማ፣ ያም ከማን እንደተቀበለ ይናገራል። ዛሬ በቴሌግራም የሚዞረውን ግጥም ተመልከቱ። የገጣሚው ስም ተቆርጦ ወድቋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ግጥሙን ያልጻፈ ሰው የቻናሉን አድራሻ ለጥፎበታል። ሰነዱ የተቆረጠ ጽሑፍ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አንባቢውንም ይጎዳል፤ ግጥሙን የወደደ ሰው የዚያኑ ገጣሚ ሌላ ሥራ ፈልጎ የሚሄድበት አይኖረውምና። የራስ ገጽ የመጀመሪያ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ጽሑፉ የትም ቢዞር ተመልሶ የሚመጣበት አንድ ቤት ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የተከናወነው በቀላሉ አልነበረምና። ኢንተርኔት ወደ አገራችን በይፋ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በአማርኛ የሚተይብ ሰው ሁሉ በየራሱ የፊደል ፕሮግራም ነበር የሚጽፈው፤ ፓወር ግዕዝ ያለው አለ፣ ቪዥዋል ግዕዝ ያለው አለ፣ ሌላም ብዙ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ የምሥጢር ቁጥር ስለሚያስቀምጥ በአንዱ የተተየበ ጽሑፍ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ዝርዝር ሆኖ ይወጣል። ዐጀም የማያነብ ሰው የመንዙማ ጥራዝ ሲገልጥ የሚገጥመው ዓይነት ነው፤ ቋንቋው የራሱ ሆኖ ሳለ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ድረ-ገጽ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ወይ በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር፣ ወይ አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ ወይም ገጹን በሙሉ እንደ ፎቶግራፍ አንስተው ይለጥፉ ነበር።

ይህን ችግር የፈታው ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የሚባለው ደንብ ነው። እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ በውጭ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲደክሙበት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ከቁጥሮቹና ከነጥቦቹ ጋር በ345 ምልክቶች ተቀበለ። ይህ ማለት ግን በማግሥቱ ሁሉም ሰው አማርኛ ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስልኮችም ቢሆኑ ለብዙ ጊዜ በአማርኛ ፋንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳዩ ነበር። ዛሬ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ስልኩን አውጥቶ በአማርኛ ሲጽፍ ይህ ሁሉ አልፎ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

ለዋግ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በአካባቢው ከአማርኛ ሌላ የአገው ቋንቋ የሆነው ኽምጣና ይነገራል፤ ኽምጣንጋ ብለው የሚጽፉትም አሉ። አማርኛ የማይጠቀምባቸውን የአገው ድምፆች ለመጻፍ የሚያስፈልጉ እንደ «ጘ» ያሉ ፊደሎች በ1999ኙ ዩኒኮድ ውስጥ ከመጀመሪያው ገብተዋል። በመሆኑም በኽምጣና ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር ወይም ግጥም በኢንተርኔት ላይ ከመጻፍ የሚያግድ የቴክኒክ ምክንያት የለም። ፊደሎቹ በሁሉም የስልክ ኪቦርድ ላይ ላይገኙ ይችላሉ፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያ በማስታወሻ ላይ አስቀምጦ እየገለበጡ መጠቀም ይቻላል። በአማርኛ የሚጽፍ ብዙ ሺህ ሰው አለ። በኽምጣና የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ አያቱ የነገሩትን ተረት በቋንቋው አስፍሮ ከሥሩ የአማርኛ ትርጉሙን የሚያኖር የአምደወርቅ ተማሪ ከዋና ከተማው ገጣሚ ሁሉ የተለየ ነገር በእጁ አለ ማለት ነው።

ወደ ገጹ ጉዳይ እንመለስ። በአገራችን የግል ገጽ ታሪክ ያለ ችግር የሄደ አይደለም። ብሎግ ለሚባለው የግል ገጽ «ጦማር» የሚለው ስም የተለመደው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው፤ ቃሉ በግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ማለት ስለሆነ ለጉዳዩ ይስማማል። በነፃ የጦማር ቦታ ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ብሎግስፖት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈት ተደርጎ ነበር። «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረው በሽብር ተከሰሱ፤ የቀሩት ክሶች በ2010 ዓ.ም. ውድቅ እስኪሆኑ ድረስ ብዙ ወራት በእስር ያሳለፉ ነበሩ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 የተዘጉ ድረ-ገጾች መከፈታቸው በመንግሥት ተገለጸ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን በገጽ ላይ ተጀምሮ ወደ መጽሐፍ የደረሰ ሥራም ታይቷል። ዳንኤል ክብረት በጦማሩ ያወጣቸውን ወጎች ሰብስቦ በመጻሕፍት አሳትሟል፤ አፈንዲ ሙተቂም በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ታሪክና ባህል ላይ በፌስቡክና በጦማር ሲጽፍ ቆይቶ ለመጽሐፍ በቅቷል። በሐሳባቸው መስማማትና አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንባቢያቸው ግን ከመጽሐፉ በፊት እንደነበረ ልብ ይሏል።

«ታዲያ ፌስቡክና ቴሌግራም እያለ የራስ ገጽ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው የሚገኘው እዚያ ነው፤ በአንድ ሌሊት መቶ አንባቢ የሚገኘውም እዚያ ነው። ነገር ግን ትናንት የተለጠፈው ግጥም ዛሬ በሌላ መቶ ጽሑፍ ሥር ተቀብሯል። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን እንኳን አንባቢ ጸሐፊው ራሱ ፈልጎ አያገኘውም። አካውንቱ ቢዘጋ ወይም ቢሰረቅ ሥራው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የሰው ግቢ የሰው ግቢ ነው፤ ባለቤቱ በቃኝ ሲል ተከራዩ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተውና በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የከፈቱበት ጂኦሲቲስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 በያሁ ተገዛ፤ በጥቅምት 2009 ደግሞ ያሁ ዘጋው። ቅጂ ያላስቀመጠ ሰው የአሥር ዓመት ጽሑፉ በአንድ ቀን ጠፋ። ማይስፔስም እ.ኤ.አ. በ2019 ሰዎች ለአሥራ ሁለት ዓመት ያኖሩትን ሙዚቃ በስህተት አጥፍቻለሁ አለ። ስለዚህ በእኔ እምነት ፌስቡኩ አደባባይ ይሁን፣ ገጹ ደግሞ መኖሪያ ቤት። ግጥሙ በገጹ ላይ ይቀመጥ፣ አደባባዩ ላይ መጀመሪያው ተነቦ ቀሪውን ወደ ቤት መጥታችሁ አንብቡ ይባል።

ገጽ ለመክፈት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ብሎገርና ወርድፕሬስ ያሉ ድርጅቶች በነፃ በሚሰጡት ቦታ መጻፍ ነው፤ ለጀማሪ ይህ ይበቃል። ሁለተኛው የራስን የድረ-ገጽ ስም መግዛት ነው። ስሙ በዓመት ከ10 እስከ 15 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ጽሑፉ ለሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ሌላ ኪራይ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ዋጋው በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከዋጋው ይልቅ የሚያስቸግረው አከፋፈሉ ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነውና። ብዙዎች ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ያስከፍላሉ። ምንም ክፋት የለውም፤ ሆኖም ስሙ የተመዘገበው በማን ስምና በማን ኢሜይል እንደሆነ ከመጀመሪያው መነጋገር ያሻል። ዘመዱ ሥራ በዝቶበት ዕድሳቱን ቢረሳ ስሙ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ መወቃቀስ ይመጣል።

ስለ አጻጻፉ ሁለት ነገር ልበል። ብዙዎች ግጥማቸውን በሚያምር አበባ ላይ ጽፈው እንደ ሥዕል ይለጥፉታል። ይህን አልመክርም። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት ብቻ ይይዛል፤ 2,000 ፊደል ያለው ረዘም ያለ ግጥም 6,000 ባይት ያህል ነው ማለት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ሥዕል ደግሞ እስከ 3 ሚሊዮን ባይት ሊደርስ ይችላል። በአንዱ ሥዕል ቦታ 500 ግጥም ይገባል! ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት፣ ሰው በትንሽ ብር ጥቅል በሚገዛበት ከተማ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ከዚህም ሌላ በሥዕል ውስጥ ያለ ቃል ተፈልጎ በቀላሉ አይገኝም፤ ዓይነ ስውር አንባቢም ስልኩን ጽሑፍ እንዲያነብለት ሲያደርግ ሥዕሉ ላይ ሲደርስ ዝም ይለዋል።

ሁለተኛው የሆሄያት ጉዳይ ነው። አምደወርቅ የሚለውን አንዱ «ዓምደ ወርቅ»፣ ሌላው «አምደ ወርቅ» ብሎ ይጽፋል። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የያዙ ወንድሞቻችን እንኳ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ፣ ሙሃመድ ተብለው በአራት ዓይነት ይጻፋሉ። ሰው የለመደውን ሆሄ ተጠቅሞ በኢንተርኔት ሲፈልግ ማሽኑ እነዚህን ሁልጊዜ እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። ስለሆነም ጸሐፊው አንድ አጻጻፍ መርጦ በሥራዎቹ ሁሉ ላይ እሱን ይጠቀም፤ ስለራሱ በሚናገርበት ገጽ ላይ ግን ስሙና የከተማው ስም የሚጻፍባቸውን ሌሎች ሆሄያትም አንድ ጊዜ ያስፍራቸው። ይህን ያላደረገ ሰው የገዛ ጎረቤቱ ፈልጎ ያጣዋል።

ገጹ ተከፍቶ ጽሑፍ ከወጣበት በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል፤ እሱም ሰውን ማግኘት ነው። የመጀመሪያው አንባቢ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እንጂ የጎረቤት ልጅ ላይሆን ይችላል። ከዋግ ወጥቶ ባሕር ዳር የሚሠራ፣ ሪያድ በስደት ያለ፣ የአገሩን ስም በስልኩ ላይ ጽፎ ሲፈልግ ገጹ ላይ የሚደርስ ሰው ይኖራል። ይህ ሰው ሁለት መስመር ጽፎ ቢልክ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ሰላምታን መመለስ ግዴታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የአንባቢን ደብዳቤ ለወራት ዝም ብሎ ማሳለፉ አይገባኝም። መልሱ ረጅም መሆን የለበትም። ጸሐፊው የሌሎችንም ጸሐፊዎች ገጽ እያነበበ በሥራቸው ላይ በስሙ አስተያየት ቢሰጥ፣ የወደደውንም በገጹ ላይ ከነባለቤቱ ስም ቢጠቁም እነሱም ወደሱ ይመጣሉ። «ግጥሜን አንብቡልኝ» እያለ የማያውቃቸውን ሰዎች የሚያጨናንቅ ግን የሚያተርፈው መታገድን ነው።

ነቀፌታም ይመጣል። ጽሑፉን የሚነካ ነቀፌታ በገጹ ላይ ይቆይ፤ ሰውን፣ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሰድብ ግን ይነሳ። በዚህ ረገድ ሕጉም ይመለከተናል፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በኢንተርኔት የሚወጣን ጽሑፍም ይጨምራል። የአንባቢን ኢሜይልና ስልክ የሚሰበስብ ሰው ደግሞ ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ አለበት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እህቶች ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ሳያወጡ በብዕር ስም መጻፍ ቢመርጡ ማንም «ለምን ተደበቅሽ?» ሊላቸው አይገባም። ሆኖም የብዕር ስሙ አንድ ይሁን፤ በየወሩ የሚቀየር ስም አንባቢ አያፈራም።

ስለ ባለቤትነት የሚጨነቁ ብዙዎች ስለሆኑ ይህንንም ልጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለጥበቃው ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ወጥ መሆኑና በአንድ ነገር ላይ መቀረጹ ይበቃል። በቃል የተነገረ፣ ያልተጻፈና ያልተቀዳ ግጥም ግን በዚህ ጥበቃ ሥር አይገባም። በሠርግና በደቦ ላይ ድንቅ ግጥም ሲያወርዱ የኖሩ አባቶችና እናቶች በሞሉበት አካባቢ ይህ አንቀጽ ሊታሰብበት ይገባል። ገጽ ያለው ወጣት የእነሱን ቃል በፈቃዳቸው ጽፎ ከነስማቸው፣ ከነቀበሌያቸውና ከነዕለቱ ቢያሰፍር ሰነዱን ጠበቀላቸው ማለት ነው። የራሱን ስም ቢያኖርበት ግን ቅድም ከነቀፍነው የቴሌግራም ሰውዬ በምን ይለያል?

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም የከበደው ነው፤ የኔትወርክ መቋረጥ። በ2013 ዓ.ም. በተነሳው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራም ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው አካባቢ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአምደወርቁ ጸሐፊ ገጹን ራሱ መክፈት አይችልም፤ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ግን ሌላ አገር ስለሆነ በጅዳ ያለው አንባቢ ያነበዋል። ጽሑፉ ከጸሐፊው በፊት ነፃ ወጣ እንደማለት ነው። ለዚህ ጊዜ አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። ከክልሉ ውጭ ያለ አንድ የታመነ ሰው ገጹን የማስተዳደር ፈቃድ ይኑረው፤ ጸሐፊው ጽሑፉን በፍላሽ አድርጎ በመንገደኛ እጅ ቢልክለት ሊያወጣለት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዓለምን ድረ-ገጾች ቅጂ በነፃ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭም አለ፤ የገጹን አድራሻ እዚያ አስገብቶ ቅጂ እንዲወሰድ ማዘዝ የደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ ሌላ በዓመት አንድ ጊዜ ጽሑፎቹን ሁሉ በወረቀት አትሞ፣ አስጠርዞ፣ አንዱን ቅጂ ቤት ማስቀመጥ፣ ሁለተኛውን ለከተማው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መስጠት ነው፤ እዚያ ስልክ የሌለው ተማሪም ያነበዋል።